ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው?

በአገር ቤት «ታሪፍ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የታክሲ ታሪፍ ነው። ከ2018 ወዲህ፣ ይልቁንም በ2025፣ በዓለም ዜና ደጋግመን የሰማነው ታሪፍ ግን ሌላ ነው፤ አንድ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጥለው ቀረጥ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩ የመሪዎችና የትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭነውን ወንድም፣ አነስተኛ የባልትና ሱቅ ያላትን እኅት፣ በሐዋሳ ልብስ የምትሰፋውን ወጣትም የሚነካ ነው። እንዴት እንደሚነካቸው አብረን እንመልከት።

የመጀመሪያው ከፋይ

ብዙ ሰው «አሜሪካ በቻይና ላይ ቀረጥ ጣለች» ሲባል ገንዘቡን ቻይና የምትከፍል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ቀረጡ የሚከፈለው ዕቃው በሚገባበት አገር ጉምሩክ ሲሆን፣ የሚወጣውም ከአስመጪው ኪስ ነው። ለምሳሌ ባለ ባልትናዋ እኅት ከኢትዮጵያ የ10,000 ዶላር በርበሬና ሽሮ አስመጣች እንበል። ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ፣ አንድ ከረጢት እንኳ ሳትሸጥ 1,000 ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሏት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ ዋጋ መጨመር፣ ትርፏን መቀነስ፣ ወይም ላኪው ዋጋ እንዲቀንስላት መለመን። ብዙውን ጊዜ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ቀረጡ በገዢው፣ በነጋዴውና በአምራቹ ላይ ይከፋፈላል፤ ማን የበለጠ እንደሚሸከም የሚወስነው ግን የመደራደር አቅም ነው። አቅም የሌለው ይበልጥ ይሸከማል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ትምህርት

መንግሥታት ቀረጥ የሚጥሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገር ውስጥ ፋብሪካን ከውድድር ለመጠበቅ፣ ገቢ ለማግኘት፣ ወይም በድርድር ሌላውን አገር ለመጫን ይጠቀሙበታል። ጥቅም የሚያገኝ ሠራተኛም አለ። ጥያቄው ጥቅሙ በስንት ዋጋ ይገኛል የሚለው ነው።

በ2018 መጀመሪያ አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለች። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያጠኑ፣ የማሽኑ ዋጋ 12 በመቶ ገደማ መጨመሩን አገኙ፤ በአንዱ ማሽን ላይ 86 ዶላር ያህል ማለት ነው። የሚገርመው ግን ቀረጥ ያልተጣለበት የልብስ ማድረቂያው ዋጋም በ92 ዶላር ያህል መጨመሩ ነው። ሰዎች ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚገዙ ሻጮቹ ጭማሪውን በሁለቱ ላይ አከፋፈሉት። በአገር ውስጥ የተሠራውም ማሽን ቢሆን ተወደደ፤ ተፎካካሪው ሲወደድ እሱ ረክሶ የሚሸጥበት ምክንያት አልነበረውምና።

በሌላ በኩል 1,800 ያህል አዳዲስ ሥራዎች ተፈጠሩ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ገዢዎች የከፈሉት ጭማሪ ለሥራዎቹ ሲካፈል፣ አንዱ ሥራ በዓመት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ አስወጥቷል። ሥራ ያገኙት በቁጥር ይታወቃሉ፤ ጭማሪውን የከፈሉት ግን በየቤቱ ተበታትነው ስላሉ አይታዩም።

አጸፋው ሌላውን ይመታል

ቀረጥ የተጣለበት አገር ደግሞ ዝም አይልም። በ2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ የአጸፋ ቀረጥ ጣለችና ግዢዋን ወደ ብራዚል አዞረች። ስለ ማጠቢያ ማሽንም ሆነ ስለ ብረት በተነሣው ክርክር ምንም ያልነበረበት የአዮዋ ገበሬ እህሉ በጎተራ ቀረበት። የአሜሪካ መንግሥት በ2018 እስከ 12 ቢሊዮን፣ በ2019 ደግሞ እስከ 16 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጎማ ለገበሬዎች ለመመደብ ተገደደ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የተባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

አለማወቅም ያስከፍላል

እስካሁን ያየነው የታወቀ ቀረጥ የሚያመጣውን ነው። ከዚህ የባሰው ግን ነገ ቀረጡ ስንት እንደሚሆን አለማወቅ ነው።

በኤፕሪል 2025 የሆነውን አስታውሱ። ኤፕሪል 2 ቀን አሜሪካ በአብዛኞቹ የዓለም አገሮች ላይ ቢያንስ 10 በመቶ፣ በብዙዎቹም ላይ ከዚያ የበለጠ ቀረጥ አወጀች። ኤፕሪል 9 ቀን ከ10 በመቶ በላይ ያለው ለ90 ቀናት ታገደ። በዚያው ወር በቻይና ዕቃ ላይ የተጣለው አዲስ ቀረጥ 145 በመቶ ደረሰ፤ በሜይ አጋማሽ ደግሞ ወደ 30 በመቶ ወረደ። አሁን ራሳችሁን በነጋዴው ቦታ አስቀምጡ። ዕቃ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በመርከብ እስኪደርስ ወራት ይወስዳል። ያዘዘበትና የሚረከብበት ቀረጥ የተለያየ ከሆነ፣ ዋጋውን በምን ያሰላዋል?

ትልቁ ኩባንያ ገንዘብ ስላለው አስቀድሞ ብዙ ዕቃ አስገብቶ በመጋዘን ያከማቻል። ትንሹ ነጋዴ ግን ያለው ምርጫ መጠበቅ ብቻ ነው። አዲስ ሰው መቅጠሩን ያቆያል። ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት ሥራ ያስቀራል። ከዚያ የሥራ ሰዓት ይቀንሳል፤ ጊዜያዊ ሠራተኞችን ያሰናብታል። ቋሚውን ሠራተኛ የሚያሰናብተው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በሥራ አጥ ቁጥር ላይ ከመታየቱ በፊት ወርኃዊ ደመወዝ ላይ ይታያል።

የሌሶቶ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ይህች ትንሽ የአፍሪካ አገር ለአሜሪካ ገበያ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። በኤፕሪል 2025 የ50 በመቶ ቀረጥ ተመደበባት። ቀረጡ አንድ ሙሉ ቀን እንኳ ሳይሠራ ታገደ፤ በኦገስት ሥራ ላይ የዋለውም 15 በመቶ ነበር። ነገር ግን በመካከሉ ባሉት ወራት ገዢዎች ትእዛዝ አቆሙ፤ ሰፊዎች ከሥራ ወጡ። የአሜሪካ ዕርዳታ መቋረጥም ተጨምሮበት፣ በጁላይ 2025 መንግሥት በሥራ አጥነት ምክንያት የአደጋ ጊዜ አወጀ። ብዙ ሠራተኞችን ከሥራ ያስወጣው በተግባር ያልዋለው 50 በመቶ ነው።

ሐዋሳ ላይ የሆነው

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠሮች ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙ። ከብዙዎቻችን አጥቢያዎች የሄዱም አሉባቸው። መነሻ ደመወዛቸው በ2019 በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ገዢዎችን ወደ ሐዋሳ ካመጧቸው ነገሮች አንዱ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር።

በኖቬምበር 2021 መጀመሪያ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸሙትን የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ምክንያት በማድረግ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2022ም አስወጣች። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ግን ቀኑን አልጠበቀም፤ በዚያው ኖቬምበር ከሐዋሳ መውጣቱን ተናገረ።

ሒሳቡን እናስላው። ከአጎዋ ውጭ የጥጥ ቲሸርት ወደ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ፋብሪካው አንዱን ቲሸርት በ5 ዶላር ቢሸጥ ቀረጡ 82 ሣንቲም ይሆናል። በወር 26 ዶላር የሚከፈላት ሰፊ በወር 26 ቀን ብትሠራ የቀን ገቢዋ 1 ዶላር ነው። በአንድ ቲሸርት ላይ የመጣው ቀረጥ ብቻ የእርስዋን የቀን ደመወዝ ሊያክል ምንም አልቀረውም! ጦርነቱን እርስዋ አልጀመረችም፤ ሕጉንም አላወጣችም። ዋጋውን ግን ከፈለች።

እኛስ ምን እናድርግ?

የቀረጥን መጠን እኛ አንወስንም። ጥቂት ነገሮችን ግን ማድረግ እንችላለን።

1. ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ የምትሠሩበት ድርጅት ምን ያህል ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ እንደሚኖር ጠይቁ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲቀር እንደ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩት፤ በትርፍ ሰዓት ገቢ ላይ ቋሚ ዕዳ አትግቡ።

2. ነጋዴ ከሆናችሁ፣ ቀረጡ ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል በውላችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ቀረጥ ሊጨምር ነው ተብሎ በብድር ዕቃ ለማከማቸት አትቸኩሉ፤ ቀረጡ ከወረደ ዕዳውና ውድ ዕቃው በእጃችሁ ይቀራል።

3. ለአገር ቤት ገንዘብ የምትልኩ፣ ገቢያችሁ ሲቀንስ ለቤተሰብ በጊዜ ንገሩ። እነርሱም የኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አለባቸውና ድንገት ከሚቋረጥባቸው ቀድመው ቢያውቁት ይሻላቸዋል።

4. በአጥቢያችሁ ያሉትን ሰዎች አስተውሉ። ሥራው የተወሰደበት ሰው ይታወቃል፤ የሥራ ሰዓቱ ከ40 ወደ 24 የወረደበት ግን «ሥራ አለኝ» ስለሚል ማንም አይጠይቀውም። የቤት ኪራዩ ግን አልወረደለትም።

ውድ አንባቢያን፣ የቀረጥ ዜና ስትሰሙ «ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «መጀመሪያ ማን ይከፍላል? በመጨረሻስ ማን ላይ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ እሑድ አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው ነው።