«እርምጃ» የሚለው ቃልና የከተራ ጉዞ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዱርቤቴ ከተማ፣ በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የሚጣደፍ የለም። ካህናቱ ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ዝማሬው ከፍ ይላል፤ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ይቀጥላሉ። እናቶችም ገና መራመድ የጀመሩ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ይከተላሉ። በቤታችንም ቢሆን ሕፃን ቆሞ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመድ ቤተ ሰቡ እልል ይላል። እርምጃ በልማዳችን የደስታ ቃል ነውና።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ቃል በዜና ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው የሚለወጥ አረጋውያን አሉ። ምክንያቱ የደርግ ዘመን የዜና አጻጻፍ ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ይልቁንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት፣ የሰው መገደል በጋዜጣና በራዲዮ የሚነገረው ብዙ ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» እየተባለ ነበር። ያለ ፍርድ መግደልም «ነፃ እርምጃ» የሚል ስም ተሰጠው።

የዐረፍተ ነገሩን አሠራር እንመርምር። «ገደለ» ስንል ገዳይ አለ፤ ሟችም አለ። «ተወሰደባቸው» ስንል ግን ወሳጁ አይታወቅም። «እርምጃ» ማለትም በራሱ ወደ ፊት መሄድን እንጂ ሞትን አያመለክትም። በመሆኑም ገዳዩም ግድያውም ከዐረፍተ ነገሩ ወጡ፤ የቀረው የሟቾች ስም ብቻ ነበር። ያን ስም ከራዲዮ የሰማች እናት ግን ትርጉሙን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። በግልጽ ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ የተከለከሉ ቤተ ሰቦችም ብዙ ነበሩ።

ይህ ቃል እንኳ የተነፈጋቸው አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ፣ በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ግን ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል «እርምጃ» ሲባል የኖረው ድርጊት በዚያን ቀን በሕግ ስሙ ተጠራ።

ቃሉ ዛሬም ከዜና አልጠፋም። ሱቅ ሲታሸግ፣ ፈቃድ ሲሰረዝ፣ ሰው ሲቀጣ ሁሉ «እርምጃ ተወሰደ» ይባላል። ወጣቱ ይህን ሰምቶ ያልፋል፤ ያን ዘመን ያየ ሰው ግን የትኛው እርምጃ እንደ ሆነ እስኪያውቅ ድረስ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ዜና ጸሐፊ ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ ቢጽፍ ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት ነው። ለሟችም ቢሆን መገደሉ መገደል ተብሎ መጻፉ የመጨረሻ ክብሩ ነው።

በዚህ በዓል ከታቦቱ ኋላ ስንራመድ፣ አያቶች ይህን ታሪክ ለልጅ ልጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው እንላለን። ልጆቹም እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ «ማን? ምን አደረገ?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ። እርምጃም እንደ ጥንቱ የሕፃንና የምእመን አካሄድ መጠሪያ ሆኖ ይኑር።

መልካም የጥምቀት በዓል!