ሰሚም ሰሚ ይሻል

የንስሐ አባት ራሱ የንስሐ አባት እንዳለው ታውቃላችሁ? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቄሱ የስንቱ ቤተሰብ ነፍስ አባት ቢሆንም፣ እሱም በተራው ሌላ ካህን ፊት ቀርቦ ይናዘዛል። የሰው ሸክም የሚቀበል ሰው ብቻውን መቅረት እንደሌለበት አባቶቻችን ቀድመው ገብቷቸዋል። ዛሬ የማወራችሁ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ስለሆነው ስለ ሙያዊ ሱፐርቪዥን ነው።

ሱፐርቪዥን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከወረዳ ወይም ከዞን ቼክሊስት ይዞ መጥቶ፣ መዝገብ አገላብጦ፣ ግብረ መልስ ሰጥቶ የሚሄደው ቡድን ነው። እሱም የራሱ ጥቅም አለው። እኔ የማወራው ሱፐርቪዥን ግን ሌላ ነው። አማካሪ ወይም አገልጋይ በታወቀ ቀንና ሰዓት ልምድ ካለው ሰው ጋር ተቀምጦ፣ በሥራው ላይ የገጠመውን፣ ያደረገውንና የተሰማውን የሚፈትሽበት ቋሚ ውይይት ነው። ኑዛዜ ስለ ኃጢአት ነው፤ ይህ ስለ ሥራው ነው።

እስኪ በቅርበት እንየው። ወልድያ አቅራቢያ ባለችው ሲሪንቃ የምትሠራ አንዲት አማካሪ አለች እንበል። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምን እንዳሳለፉ ታስታውሳላችሁ። በጦርነቱ የወጣ ልጇ ያልተመለሰላት እናት ወደዚህች አማካሪ ትመላለሳለች። እናቲቱ ዕንባዋ በመጣ ቁጥር አማካሪዋ ፈጥና “አብሽሪ፣ ይመጣል” ትላታለች። ሱፐርቫይዘሯ ይህን ስትሰማ አትቆጣም። “እናቲቱ ዝም ስትል አንቺን ምን ይሰማሻል?” ብላ ትጠይቃታለች። አማካሪዋ ትንሽ ቆይታ የገዛ ወንድሟም ወሬው ከጠፋ እንደሰነበተ ትናገራለች። “ይመጣል” የምትለው ለራሷም ጭምር እንደነበር እዚያው ይገባታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለእናቲቱ የማታውቀውን ተስፋ አትሰጣትም፤ ያላትንም ተስፋ አትነጥቃትም። አጠገቧ ሆና ልቅሶዋን እስከ መጨረሻው ትሰማላታለች።

በዚያች ሰዓት ሦስት ነገር ተሠራ። እናቲቱ ከባዶ ተስፋ ተጠበቀች፣ አማካሪዋ ሙያዋን አሻሻለች፣ የራሷም ሸክም ቀለል አለላት። እንግሊዛዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሱፐርቪዥንን ሥራ የከፈለችው ልክ በእነዚህ ሦስት ነው፤ ሥነ ምግባርን መጠበቅ፣ ሙያን ማሳደግ፣ ባለሙያውን ማበርታት።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ተማሪዎች ታካሚ ሲያዩ የሚከታተላቸው አስተማሪ ነበራቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሐኪሙ ማይክል ባሊንት ለንደን ላይ ጠቅላላ ሐኪሞችን በትንሽ ቡድን እየሰበሰበ ስላስቸገራቸው ታካሚ ያወያያቸው ነበር። ዛሬ የብሪታንያ የምክርና የሥነ ልቦና ሕክምና ማኅበር በሥራ ላይ ያለ አባሉ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ በየጊዜው ሱፐርቪዥን እንዲያገኝ ያዛል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች በየተራ እየተመላለሱ ያስተምሩ፣ ሠልጣኞቹም ታካሚ ሲያዩ አብረው ሆነው ይመሯቸው ነበር።

ለአገልጋዮች ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ መንገዱን ያሳያል። በዘጸአት 18 ዮቶር የአማቹን የሙሴን ሥራ ሲያይ ውሎ ለምን ብቻውን እንደሚሠራ ይጠይቀዋል፤ እንዲህ ከቀጠለ እሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነግሮት ሥራውን የሚያካፍልበትን መላ ያቀብለዋል። ሙሴ ምክሩን ተቀበለ እንጂ አልተቀየመም።

ሲሪንቃን በመሰለ ቦታ ግን ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛው ምሥጢር ነው። ስም ባይጠራም “ሁለት ልጅ የሞተባት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው” ከተባለ ያልታወቀ የለም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ከአካባቢው ራቅ ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ከደሴ በስልክም ይሆናል። ካህን ከሆነ ደግሞ በኑዛዜ የሰማውን ፈጽሞ አያነሣም፤ የሚያወራው ስለ ራሱ ድካምና ስለ አገልግሎቱ ነው። ሁለተኛው ዝምድና ነው። አማካሪውና ተገልጋዩ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፣ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ። የት ላይ ጎረቤት፣ የት ላይ ባለሙያ እንደሚሆን በየጊዜው ከሌላ ሰው ጋር ካልመረመረው ድንበሩ ሳያውቀው ይጠፋበታል።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃና ከወልድያ አራት አምስት አማካሪዎችና አገልጋዮች፣ አንድ የበሰለ ባለሙያ፣ በወር አንድ የማይታጠፍ ቀጠሮና የማይደፈር የምሥጢር ስምምነት ይበቃል። አማካሪ ወይም አገልጋይ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ “የሰውን ሁሉ ትሰማለህ፤ አንተንስ ማን ይሰማሃል?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ “ማንም” ከሆነ፣ የሚሰማውን ሰው በመፈለግ አግዙት።