በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል፦ የብልሽቱን ሥፍራ ስለ መለየት

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ስሞታ ይሰማል፤ ማታ በደኅና የተዘጋው ኮምፒዩተር ጠዋት አልነሣም ይላል። ባለቤቱ ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ እየሠራ ይመለሳል፤ የዓመት ሥራ ግን ከውስጡ ጠፍቷል፤ «ፎርማት» ተደርጓል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በተማሪነቱ ዘመን ይኸው ደርሶበታል። በኋላ እንደ ተረዳው ችግሩ ከመሰኪያው የላላ ራም ብቻ ነበር፤ ጠጋኙ ራሙን አጽድቶ ከመለሰ በኋላ «ለማንኛውም» ብሎ ዲስኩን አጸዳው። ስለዚህ ማንኛውም እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ፣ ማሽኑ በየትኛው ደረጃ ላይ ቆመ የሚለው ነው።

የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን በመጀመሪያ የሚሠራው ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ይለውጣል፤ እነዚህም ከተባለው መጠን ከ5 በመቶ በላይ መዋዠቅ የለባቸውም። ኃይሉ ሲረጋ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ፕሮሰሰሩ ባዮስ የተባለውን ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል፤ ባዮስም ራሙን፣ የምስል ካርዱንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ እንኳ ይህን ፍተሻ ያደርግና ብልሽት ሲያገኝ በጩኸት ያስታውቅ ነበር። ፍተሻው ሲያልቅ ባዮስ ዲስኩን ፈልጎ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል።

ከዚህ ቅደም ተከተል የሚከተለው ቀላል ነው። መብራትም ፋንም ከሌለ ችግሩ ከኃይል ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ራሙ፣ የምስል ካርዱ ወይም ማዘርቦርዱ ይጠረጠራል። የአምራቹ አርማ ታይቶ ከዚያ ከቆመ ወደ ዲስኩና ወደ ዊንዶውስ መሄድ ይገባል። ፎርማት ሊፈታ የሚችለው ከዚህ የመጨረሻ ደረጃ ጥቂቱን ብቻ ነው። (በአገራችን ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ጠጋኙ «ሲፒዩው ተበላሽቷል» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም።)

አካባቢያችን ለዚህ ችግር የሚጨምረው የራሱ ድርሻ አለው። የአዳማ አንድን 51 ሜጋ ዋት እና የአዳማ ሁለትን 153 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያዞረው ያው ንፋስ በበጋ ወራት ከእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የተገኘውን የስምጥ ሸለቆ ደቃቅ አፈር በመስኮት ሁሉ ያስገባል። የኮምፒዩተሩ ፋን ደግሞ ይህንን አየር ቀኑን ሙሉ ይስባል። አቧራው ሂትሲንክ በሚባለው ባለክንፍ ብረት መካከል እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። በዚህ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን አሳንሶ ይወስዳል። ማሽኑ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት መጠበቁ ነው። ሙቀቱ ካፓሲተሮችንም ያስረጃል፤ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ጽዳቱ ገመዱ ተነቅሎ፣ ከክፍል ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይከናወናል፤ አየር የሚነፋበት ከሆነ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። በሰፈሩ ወፍጮ ወይም የብየዳ ማሽን ሲነሣ ቮልቱ ይወርዳል፤ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ለጥቂት ጊዜ ይዋዥቃል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀል፣ ከተመለሰም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ከርካሽ ስታብላይዘር የተሻለ ጥበቃ ነው። ሙት የመሰለ ማሽን ገመዱ ተነቅሎ የማስነሻ ቁልፉ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ቢያዝ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል ፈስሶ አንዳንዴ ይነሣል። ካልሆነ በሌላ ደኅና ፓወር ሰፕላይ መሞከር ነው። ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያላቸው አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች በ115 ላይ ሆነው በእኛ መስመር ከተሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈት ግን አይገባም፤ ተነቅሎም ቢሆን አደገኛ ኃይል ይይዛል።

ስክሪኑ ለጨለመ ማሽን ራሙን አውጥቶ የወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ መጥረግ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር ነው። የሚያስገርም ብዛት ያለው «የማዘርቦርድ ብልሽት» እዚህ ላይ ያልቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማዘርቦርዱ የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ኮምፒዩተሩ ከመስመር ጋር ተያይዞ ሲቆይ ሰዓቱ የሚሠራው ከመስመሩ በሚመጣ ኃይል ነው፤ መብራት በሚጠፋበትና ገመድ በሚነቀልበት ቦታ ግን ባትሪው ብቻውን ይሸከመዋል፣ ቶሎም ያልቃል። ሲያልቅ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባዮስም ዲስኩ በምን ሥርዓት ይነበብ እንደ ነበር ስለሚረሳ ዊንዶውስ ላይነሣ ይችላል። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው። ባትሪውን ቀይሮ ቀኑንና የዲስኩን ሥርዓት ማስተካከል ይበቃል።

ችግሩ በእርግጥ የዲስክ ወይም የዊንዶውስ ሆኖ ሲገኝ ቀዳሚው ሥራ መቅዳት ነው፤ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት፣ ወይም ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያባብሳል። ከፋይሎቹ ጋር ፎንቶቹም መቀዳት አለባቸው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም በኋላም በቀድሞዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ይታያሉ። በዚህ ምክንያት «ቫይረስ በላው» ተብሎ የተጣለ የአማርኛ ጽሑፍ፣ የተጻፈበት ፎንት ተገኝቶ ሲጫን ሙሉ በሙሉ ሊነበብ ይችላል።