ለሕፃናት መጻፍ፦ ድካሙና ደስታው



ለአዋቂዎች የሚጽፍ ሰው ስሙ ይነሣል፣ ሥራው ይተቻል፣ ይመሰገናልም። ለሕፃናት የሚጽፍ ግን አንባቢው ስሙን እንኳ አያውቅለትም። የመጽሐፉ መሸጫ ትንሽ፣ የሥዕሉና የኅትመቱ ወጪ ግን ብዙ ነው። ታዲያ ሰውን ለሕፃናት እንዲጽፍ የሚገፋፋው ምንድን ነው? ደስታውንስ ከምን ያገኘዋል?

ከምድጃ ዳር ወደ መጽሐፍ

በእኛ በቡሬም ሆነ በአካባቢው ገጠር የልጆች የመጀመሪያ መጽሐፍ አያት ናት። ማታ ከእራት በኋላ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ጥሪና መልስ ለመጽሐፋቸው ስም ያደረጉት የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ተረት ተረት የመሠረት»ን ያሳተሙት በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስማቸውን የተከለው «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው። ታላቁ ደራሲ ከታላቁ ልብ ወለድ በፊት ተረት መሰብሰባቸውን ልብ ልንለው ይገባል።

ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» መጽሐፎቻቸው የእንስሳትን ተረት በግጥም አቅርበው ብዙ ተማሪ አስተምረዋል። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። ሦስቱም ልጅን እንደ ሙሉ ሰው ቆጥረው ተናግረውታል።

ባዶው መደርደሪያ

ሰው ለልጆች ለመጻፍ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ነገር ሲያይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ነገሌ ቦረና የተወለዱት እኒህ ሰው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ ሌላ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረው አዩ። በአማርኛ የተጻፈ ግን አጡ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። በአገራችን የታወቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተሙ። ልጅነቷን ማጂ ካሳለፈችው አሜሪካዊት የልጆች ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ተባብረውም በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። በርበሬ ጭና ቡሬ ገበያ የምትገባ አህያ ለምናይ ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። እህል የምትሸከም አህያ መጽሐፍ መሸከም አያቅታትም።

ደስታው ከምን ላይ ነው?

የመጀመሪያው ደስታ የቋንቋ ነው። ለልጅ ሲጻፍ ማስመሰል አይቻልም። ዐረፍተ ነገሩ ከረዘመ ልጁ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቃሉ ከከበደ ፊቱን ያዞራል። አዋቂ በይሉኝታ ይታገሣል፣ ልጅ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ቃሉን አንድ በአንድ ይመዝናል፣ የጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።

ጠቢቡ ሉቅማን ልጁን የመከረበትን መንገድ በመድረሳ የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን። ልጁን በፍቅር ጠርቶ፣ ታላቁን ነገር በሰናፍጭ ቅንጣት፣ በቋጥኝና በአህያ ድምፅ አስረድቶታል። ልጅ በሚያየውና በሚሰማው ነገር መናገር ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ደስታ ራሱን በመጽሐፍ ውስጥ ያገኘን ልጅ ማየት ነው። ለተማሪዎቼ በደብተር ወረቀት ከሰፋኋቸው ትንንሽ መጽሐፎች በአንዱ፣ የፈጣም ወንዝና የበርበሬ ማሳ ሲጠሩ ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። «ይኸማ የኛ አገር ነው!» አሉ። አንዲት ተማሪ መጽሐፉን ወስዳ ማንበብ ለማይችሉት አያቷ አነበበችላቸው። አያትየው «እኛ የምናውቀው መጨረሻው እንዲህ አይደለም» ብለው ሌላ ፍጻሜ ነገሯት፤ ልጅቱም በማግስቱ እሱን ጽፋ መጣች። ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ክፍያ አለ? መጽሐፉ ወደ ቤት ሄዶ ሌላ ተረት ይዞ ተመለሰ።

ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?

የአማርኛ ፊደል መደበኛ ገበታው ብቻ 231 ነው። ልጅ ይህን ሁሉ ለይቶ ካወቀ በኋላ የሚያነበው ካላገኘ ያወቀው ይጠፋበታል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። መምህርና የመማሪያ መጽሐፍ ብቻቸውን የማይሞሉት ክፍተት እንዳለ ይህ ያሳያል።

ይባስ ብሎ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጁ የሚቀረው በቤቱ ያለው ነው። በቤቱ አንዲት የተረት መጽሐፍ ካለች ቢያንስ ፊደሉ አይሞትበትም።

ምን እናድርግ?

ወላጆችና መምህራን ሆይ! ማተሚያ ቤት እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። አራት ወረቀት ከመሐል ታጥፎ ሲሰፋ 16 ገጽ ይሆናል። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ከላይ ይጻፍ፤ ከታች ያለውን ቦታ ልጁ ራሱ ይሣልበት። ታሪኩን ከአያት፣ ከገበያ፣ ከእርሻ እናምጣ። ጽፈን ስንጨርስ ለልጁ እናንብብለት፤ የት ላይ እንደሣቀ፣ የት ላይ እንዳዛጋ እያየን እናርመው። የጎረቤት ልጆችም እየተዋዋሱ ያንብቡት።

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «እንደገና!» ካለ ደመወዛችን ተከፍሏል። ተረት የሚያውቁ አያቶች በየቤታችን አሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ዛሬ ማታ አንድ ተረት ጠይቀን፣ ነገ ጠዋት እንጻፈው። አላህ ልጆቻችንን ሰላምና ዕውቀት ያድልልን፤ አሚን።