«ሞላዋን አስቆርጣት» ያልኩት እኔ ነኝ!

እስቲ እውነቱን ተናገሩ... መኪና ዝቅ ብላ፣ መሬት ለመሬት ስትሳብ አይቶ ልቡ ያልደነገጠ ማን አለ? እኔማ ደንግጫለሁ። ደንግጬም አላበቃሁ፣ ጓደኛዬን ጉድ ሠርቼዋለሁ። የዛሬው ወጋችን ይኸው ነው።

ጓደኛዬ የዲላ ልጅ ነው። ስሙ ይቅር። ማዘር ከቡና ሽያጭ ባጠራቀሙት ብር የተገዛች ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። ዲኤክስን የማያውቅ አራዳ መቼም የለም! ከኋላ የምትገፋ፣ ቀለል ያለች መኪና። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣችውና የጃፓን ወጣቶች ያበዱላት ኤኢ86 ራሷ የቅርብ ዘመዷ ናት፤ ከኋላ አንድ ወጥ አክስልና ጥቅል ሞላ አላቸው፣ ሁለቱም። እና ልጁ ቢመኝ ይፈረድበታል?

ምኞቱ አውቶክሮስ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ኮን ይደረደራል፣ መኪኖች ተራ በተራ ይገባሉ፣ ሰዓት ይያዝባቸዋል። መጋፋት፣ መቅደም የለም። አሜሪካ ውስጥ የስፖርት መኪና ክለባቸው አገር አቀፍ ውድድሩን ከ1973 ጀምሮ ያካሂዳል፤ ኮን ለገጨ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ለመንጃ ፈቃድ ስንፈተን በኮን መሀል የተጠማዘዝነውን አስቡና ትንሽ ፍጥነት ጨምሩበት። የዲላው ደግሞ የራሱ መላ አለው... ባለቤቱን አስፈቅደው፣ እሁድ ጠዋት፣ አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ውኃ የሞሉ ጀሪካኖች ይደረድራሉ። ዳኛው የሞባይል ሰዓት ነው።

እኔ ከአዲስ አበባ ስሄድ መኪናዋን አየኋትና «ይቺ እንደ ግመል ቆማ ምን ትጠማዘዛለች? ሞላዋን አስቆርጣት!» አልኩት። አስቆረጣት። አንድ ጋራዥ ውስጥ በእሳት ቆረጡለት፣ ግማሽ ቀንም አልፈጀ። ስትወጣ ውበቷ! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፎቶ ተነሳባት።

ከመቆረጧ በፊት ሜዳውን በ52 ሰከንድ ትዞር ነበር። ከተቆረጠች በኋላ በ54! እኛ ግን «ሾፌሩ እንቅልፍ አልጠገበም» ብለን ሳቅን።

በጥቅምት ማዘር ይርጋ ጨፌ ለቅሶ ነበራቸው። ልጅየው ወሰዳቸው። ሲመለሱ ወናጎ አካባቢ ዝናቡ ወረደ፤ መንገዱ ቡና በጫኑ መኪኖች ተጨናንቋል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ የኋላው ጎማ ገባ... ጓ! ሲወጣ ሞላው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ወጥቶ ነበር። መኪናዋ አዘነበለች፣ ተሻግራ የግራውን መስመር ያዘች። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ሾፌር ባይነቃ ኖሮ ይህንን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ማዘር በሕይወት አሉ። ግን ወገባቸውን ይዘው ሁለት ሳምንት ተኙ።

ልጠይቃቸው ስሄድ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝና «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል ሲሉኝ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ቆጮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ ሰው ፈልገን ጠየቅን። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላ ሲቆረጥ የሚሠራው ጥቅል ስለሚያንስ ይደርቃል። ሾክ አብዞርበሩ ግን ለረጅሙ ሞላ የተሠራ ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ወደ ታች የምትወርድበት ቦታ ያልቅና ብረት ለብረት ትላተማለች። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ያጠረው ሞላ ላላ ይልና ከቦታው ይወጣል። በእሳት የተቆረጠ ከሆነ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል። ጎማው መሬቱን ካልያዘ ምን መጠምዘዝ አለ? 54 ሰከንድ የመጣው ከዚያ ነው።

አዲስ ሞላ ተገዛ፤ ብሩን ግማሽ እኔ ከፈልኩ። (እዳዬ ነው!) ያረጁት ጎሚኒዎች ተቀየሩ። የሾክ አብዞርበሩ ምርመራ ቀላል ነው፤ የመኪናዋን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ። አንዴ ተነስታ ጸጥ ካለች ደህና፣ ደጋግማ ከጨፈረች አልቆለታል። የእኛዋ ከኋላ በግራ በኩል እስክስታ ትመታ ነበር።

ቀጥሎ ጎማው። ይሄ ነው የወደድኩት፣ ወጪውም የጠመኔ ዋጋ ነው። የጎማውን ጠርዝ ከመሬት ነክው ክፍል እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ ታሰምራላችሁ፣ ሜዳውን አንዴ ትዞራላችሁ። ጠመኔው ጎኑ ድረስ ከተፈገፈገ ጎማው እየተጣጠፈ ነውና ንፋስ ይጨመር፤ ጠርዙ ላይ ሳይነካ ከቀረ በዝቷልና ይቀነስ። መነሻው ፋብሪካው የጻፈው ልክ ነው። ደግሞ አደራ... በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ! ሁለቱን ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ በምን ታውቃላችሁ? ሲጨርሱም ንፋሱን ለመንገድ ወደ ልኩ መመለስ ነው።

ባለፈው እሁድ 50 ሰከንድ ገባች። እንደ ድሮዋ ቆማ፣ እንደ ግመል! ልጆቹ ፎቶ አልተነሱባትም። ጓደኛዬ አሁን «የፊቱን ስታቢላይዘር ባር ብናወፍረውስ?» ይለኛል። ይቀንስባታል፣ አፍንጫዋ አልታጠፍ ይላል አልኩት። አላመነኝም። እውነቱን ነው፣ እኔን ለምን ያምናል?

ማዘር ቅዳሜ ገበያ ሊሄዱ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ትራስ አድርጎላቸዋል። «አንተም ከኋላ ግባ» ብለውኛል፣ የግራውን ጥግ እያሳዩኝ።