ሳላማንደርን በስልክ መለየት፦ አፑ ምን ያያል? እኛስ ምን እናሳየው?

ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ጓሮ ውስጥ የወደቀ ግንድ ብናነሳ፣ ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር ያላት ጣት የምታህል ፍጥረት ልናገኝ እንችላለን። አብዛኛው ሐበሻ ሲያያት «እንሽላሊት» ይላል። አይፈረድበትም። አገራችን ውስጥ የዱር ሳላማንደር የለም፤ ከአፍሪካም የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ እንደ ሞሮኮና አልጄሪያ ባሉ አገሮች ብቻ ነው።

ልዩነቱ ግን ቀላል ነው። እንሽላሊት ቅርፊትና ጥፍር አለው። እዚህ የምናገኛቸው ሳላማንደሮች ሁለቱም የሏቸውም፤ ቆዳቸው እርጥብ ነው፣ ዝምድናቸውም ከእንቁራሪት ጋር ነው። ይህቺ ባለ ቀይ ጀርባ ደግሞ ጭራሽ ሳንባ የላትም፤ የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው፤ ከደረቀች ትሞታለች።

እኔ ለመለየት የምጠቀመው አይናቹራሊስትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ የተጀመረ ነው። ፎቶ ስታስገቡ ሞዴሉ ምስሉንና ቦታውን አይቶ ግምቱን በደረጃ ያቀርባል። ከዚያ ሰዎች ያረጋግጣሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሞዴል ብዙ ጊዜ ወዳየው ነገር ያደላል። የባለ ቀይ ጀርባዋ ፎቶ ሞልቷል። በሌላ በኩል ሸናንዶዋ ሳላማንደር የምትባል ዘመዷ አለች፤ በዓለም ላይ የምትኖረው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ከ1989 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረበች ተብላ ተመዝግባለች። ሁለቱን የሚለያቸው የመስመሩ ስፋትና የሆድ ቀለም ነው፦ የሸናንዶዋዋ መስመር ቀጭን ነው ወይም ጨርሶ የለም፣ ሆዷም ጠቆር ይላል፤ የተለመደችው ሆድ ግን ነጭና ጥቁር የተነሰነሰበት ነው። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ ግማሹን ማስረጃ ያስቀራል።

ስለዚህ በራሳችሁ ግቢ ስትፈልጉ፦

• እጃችሁን አርጥቡ፤ የፀሐይ ክሬም ወይም የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅ አይንካት።
• ጀርባዋን፣ ጎኗንና እግሮቿን አንሱ። ለሆዷ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ አድርጋችሁ ከሥር አንሱ።
• ግንዱን እንደነበረ መልሱት፤ ቤቷ እሱ ነው።

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ድንጋይ አትገልብጡ፤ እንስሳ መረበሽ ክልክል ነው።

ለዴቨሎፐሮች አንድ ነገር ልጨምር። አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ደብቆ፣ 0.2 በ0.2 ዲግሪ በሆነ ሰፊ ሳጥን ውስጥ ብቻ ያሳያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምትኖርበትን ድንጋይ ያወቀ ሰው ለቅሞ ሊሸጣት ይችላል። የቦታ መረጃ የምትሰበስቡበት አፕ ከሠራችሁ ይህን ከመጀመሪያው ዲዛይን ውስጥ አስገቡ። ፎቶ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጋችሁ ስትልኩም ውስጡ ያለው የቦታ መረጃ አብሮ እንደሚሄድ አትርሱ።

የቀረው ስሟ ነው። አይናቹራሊስት በተለያዩ ቋንቋዎች ስም መጨመር ይፈቅዳል፤ ግን እዚያው ፈጥራችሁ አትጨምሩ ይላል፤ ስሙ አስቀድሞ ሰው አፍ ላይ መኖር አለበት። ትክክልም ነው፤ ቋንቋ በዳታቤዝ አይጀመርም። እኔ ቤት «ቀይ ጀርባ» እንላታለን። እናንተ ቤት ልጆቹ ምን ብለው ይጠሯታል?