በውጭ ሀገር የተገኘ የአብራሪነት ብቃት በሀገር ቤት የሚጸናው መቼ ነው?

አንድ አብራሪ የንግድ በረራ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ቦይንግ 737ን የመሰለ አውሮፕላን ለማብረር “ታይፕ ሬቲንግ” የተሰኘው፣ ለዚያው ዓይነት አውሮፕላን የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ በፈቃዱ ላይ ሊሰፍርለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንቀጽ 33፣ አውሮፕላኑ የተመዘገበበት ሀገር የሰጠው፣ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ፈቃድ በሌሎች አባል ሀገራት እንዲታወቅ ይደነግጋል። ይሁንና አንቀጽ 32 አባል ሀገራት የገዛ ዜጋቸው ከሌላ ሀገር ያወጣውን ፈቃድ በግዛታቸው ላይ ለሚደረግ በረራ ያለመቀበል መብት ይሰጣቸዋል። ለመዘንጋት የሚቀለውም ይኸው ነው።

በመሆኑም የማሰልጠኛ ተቋም የምስክር ወረቀት ብቻውን የማብረር መብት አያስገኝም። የሀገሩ የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋሙን፣ ሲሙሌተሩንና ፈታኙን የሚቀበል መሆኑን ሰልጣኙ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ጥያቄው ከስልጠናው በኋላ ከተነሳ ፈተናውን ዳግም መውሰድ፣ ሲከፋም ስልጠናውን መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።